ከምላስ ሥር

«እስቲ አፍሽን ክፈቺ» አላት ግሌን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ።

ሎሬን አንድ እግሯን ካልሲ አጥልቃ ሁለተኛውን እየፈለገች ነበር። «ምን ልታይ?»

«ምላስሽን አንሺ። ኪኒኑ የሚቀመጥበትን ቦታ ልየው ብዬ ነው።»

ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። ስለዚህ ካልሲዋን ትታ ፊቱ ተንበረከከችና አፏን ከፈተች፣ ምላሷንም ወደ ላይ አነሳች። ግሌን አገጯን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቁልፍ እንደጣለ ሰው ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ። «ምንም የለም» አለ በመጨረሻ። «ገና ነዋ» አለችው፤ «መድኃኒት ቤቱ እኮ አልተከፈተም።» እሱም መልሶ ጋደም አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ክፍሏ ከምንጣፍ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በሳምንት አርባ አምስት ፓውንድ ይከፈልባታል፤ ለዚያም ግድግዳዋ ላብ እንደያዘው ሰው ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ በመስኮቷ ደግሞ በኅዳር ወር ውጭው ጨርሶ አይታይም። ከታች ሱቁ ሲከፈት የአዲስ ምንጣፍ ሽታ በወለሉ ስንጥቅ ይወጣል። ሄርሂልስ በሚባለው በዚህ ሰፈር ውስጥ ከዚህ የባሱ ክፍሎች ሞልተዋል፤ ሎሬንም በብዙዎቹ ኖራለች። ከግሌን ጋር ግን አምስተኛ ዓመቷን የያዘችው እዚህች ነው። ሄሮይኑን አብረው የወሰዱት፣ አብረውም ሊተዉት የተማማሉት እዚህችው አልጋ ላይ ነው። ለዚህም ነበር ከስምንት ቀን በፊት ተያይዘው ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ዶክተር ኦርሞንድ ዘንድ የሄዱት።

ዶክተር ኦርሞንድ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። ሐራራን የሚያስታግሱ ሁለት መድኃኒቶች እንዳሉ ነገሯቸው። አንዱ ቡፕረኖርፊን የሚባለው፣ በየቀኑ መድኃኒት ቤት እየሄዱ በፋርማሲስቱ ፊት ከምላስ ሥር የሚያሟሙት። ሌላው ዳይሃይድሮኮዴይን፣ ቤት ተወስዶ በቁጥር እየተቀነሰ የሚዋጠው። ሐኪሞች ሁለቱንም ሲሰጡ ኖረዋል፤ እንዲህ ባለ ተራ ጤና ጣቢያ ውስጥ የትኛው እንደሚሻል ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ጥናት ተጀምሯል፤ የሚመርጠው ሐኪሙም ታማሚውም ሳይሆን በተራ ቁጥር የተደረደረ፣ የታሸገ ፖስታ ነው። ሁለቱም ተስማምተው ፈረሙ። የቢሮው በር ሲከፈት ግሌን እንደ ወትሮው ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ «አንቺ ቅደሚ» አላት። ቀደመች። ከፖስታዋ ከምላስ ሥር የሚሆነው ወጣ፤ ከእሱ የሚዋጠው።

በአራተኛው ቀን ሎሬን ሌሊቱን ሙሉ ተኛች። ከሰባት ዓመት ወዲህ እንዲያ ተኝታ አታውቅም። ስትነቃ ግሌን ተቀምጦ እያያት ነበር። ኋላ እሱ የአሥር ቀን ኪኒኑን በአራት ቀን ውስጥ ጨርሶት፣ ከሰኞ ጀምሮ በባዶው ጥርሱን ነክሶ መያዙን ነገራት፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። ትናንት ማታ ታዲያ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ፣ «በር ባልለቅልሽ ኖሮ ያንቺው የኔ ነበር እኮ» አለ። ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰካባት።

አሁንም ከግድግዳው ሳይዞር «ሎሬን» አለ። «ግማሹን አምጪልኝ። ለዛሬ ብቻ። እንደዚህ ሆኜ ጄማ ጋ መሄድ አልችልም።»

ጄማ የሎሬን ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትኖረው በአውቶቡስ በሚደረስበት ሞርሊ፣ ከሎሬን ታላቅ እህት ከሞሪን ዘንድ ነው። ግሌን አባቷ ባይሆንም፣ ከታች ሱቅ የተጣለ የምንጣፍ ቁራጭ ለቅሞ ለአሻንጉሊቶቿ ቤት ወለል ያነጠፈላት እሱ ነው፤ እናቷን ባየች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀውም ስለ እሱ ነው። ሞሪን በየአስራ አምስት ቀኑ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት፣ እናትየው ልጇን እንድታይ ፈቅዳለች። ባለፈው ሎሬን የሻይ ስኒ በእጇ እንደያዘች ሶፋው ላይ አንቀላፍታ፣ ልጅቷ ስኒውን ቀስ ብላ ከጣቶቿ አላቃ፣ ኮቷን አልብሳት ነበር። ሞሪን በሩ ላይ ስትሸኛት ያለችው አንድ ነገር ነው፦ «ሁለተኛ በዚህ ሁኔታ ከመጣሽ በሩን አልከፍተውም።»

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አምስት ሰው ተሰልፏል። ሚስተር ሶላንኪ እንደ ልማዳቸው «ደህና አደርሽ ሎሬን፣ ዛሬ ብርዱ ጠና» እያሉ ሁለቱን ነጫጭ ኪኒኖች በትንሽ ኩባያ አቀረቡላት። ከምላሷ ሥር አድርጋ፣ ሻምፖዎቹ ካሉበት መደርደሪያ አጠገብ ሄዳ ቆመች። እስኪሟሟ ሰባት ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ መናገር አይቻልም፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ያያል። ዝናብ መከላከያ ሻሽ ያሠረች ሴትዮ ለጓደኛዋ «እናቴ ለዳሌዋ ቀዶ ጥገና ሁለት ዓመት ጠብቃ አልደረሳትም። ለእነዚህ ግን በየቀኑ እያጎረሱ» ስትል ሎሬን ሰማቻት። ሴትዮዋም እንድትሰማ ነበር የተናገረችው። ሎሬን ወደ ሻምፖዎቹ ዞራ የአንደኛውን ጀርባ ማንበብ ያዘች፤ እያነበበችም አንደኛዋን ኪኒን በምላሷ ጫፍ ገፋ አድርጋ በጉንጯና በድዷ መካከል ወሸቀቻት።

በሌሎቹ ቀናት ሚስተር ሶላንኪ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አፏን ያዩ ነበር። ዛሬ ስልክ ጮኸባቸው። በትከሻቸው ስልኩን ይዘው ዓይናቸውን ብቻ ወደ እሷ ላኩ፤ ራሷን ነቀነቀች፤ እሳቸውም «በይ ሂጂ» ብለው በእጃቸው አሰናበቷት። ማመናቸው ከሴትዮዋ ንግግር ይልቅ ከበዳት። ጥግ ላይ ስትደርስ ኪኒኗን የወረቀት መሐረብ ላይ ተፋቻት። ጫፏ ሟሙቷል፤ ብዙው ግን አለ።

ግሌን ተቀብሎ እንደ ቆራቢ ዓይኑን ጨፍኖ ከምላሱ ሥር አደረጋት። ሎሬን ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቡ ጋደም አለች። መናገር እንደማይችል ስለምታውቅ እሷ አወራችለት፤ አብረው ሲሄዱ አውቶቡሱ ፎቅ ላይ ከፊት ወንበር እንደሚቀመጡ፣ ለጄማ ከአውቶቡስ ጣቢያው ሱቅ ባለቀለም እርሳስ እንደሚገዙ፣ ሞሪን በሩን ስትከፍት እሱ ያንን ጥቁር ሹራቡን ቢለብስ እንደሚሻል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይሰማት ነበር። ሎሬን በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የነበራትን ሰላም ኋላ ብዙ ጊዜ አስታወሰችው።

መጀመሪያ አዛጋ። ቀጥሎ አስነጠሰው፤ አምስት ስድስት ጊዜ። ከዚያ ላብ ግንባሩ ላይ ተንቆረቆረ፣ ክንዱ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ፣ እግሮቹ ያለፈቃዱ መራገጥ ጀመሩ፤ ሎሬን ጎድጓዳውን ሳህን አምጥታ ሳታበቃ አስመለሰው። ሆዱን በሁለት እጁ አቅፎ ተጠቀለለ። ሎሬን ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ዶክተር ኦርሞንድ በመጀመሪያው ቀን የነገሯት መጣባት፦ «ይህ ኪኒን ቅናተኛ ነው። ደምሽ ውስጥ ሄሮይን ካገኘ አባርሮ እሱ ይቀመጥበታል። ስለዚህ የመጀመሪያውን የምትወስጂው ሐራራው ከያዘሽ በኋላ ነው፤ አለዚያ ቀስ እያለ የሚመጣው ሥቃይ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይመጣብሻል።» ከሰኞ ጀምሮ ባዶውን የሆነ ሰው ላይ ይህ ኪኒን የሚያባርረው ነገር አያገኝም።

«ግሌን፣ ምን ወስደሃል?»

«ምንም።»

«ግሌን።»

ጥርሱ እየተንገጫገጨ ቆየ። «ሌሊት። አንቺ ተኝተሽ።»

«ስንት ሌሊት?»

«ሁሉንም» አለ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

አልጮኸችም። መስኮቱን ከፈተች፤ ቀዝቃዛው አየር ከመኪና ድምፅ ጋር ገባ። እውነቱን ለመናገር ዓይኑን ብታየው ኖሮ ታውቅ ነበር፤ የመርፌ ቀዳዳ ያህል የጠበበ ብሌን ለእሷ አዲስ አይደለም። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ነበር፤ እሷም ና ዙር ብላ አታውቅም። «ታዲያ ለምን ጠየቅከኝ?» አለችው።

«ዛሬ ልጀምር ብዬ። እውነቴን ነው» አለ። ከዚያም ትንፋሽ አግኝቶ፣ «እየዳንሽ ነበር። ትተሽኝ የምትሄጂ መሰለኝ» አለ።

አፉን በእርጥብ ፎጣ ጠረገችለት፣ ውሃ አጠገቡ አስቀመጠችለት፣ ኮቷን ለበሰች። «የት ነው?» ሲላት «እመጣለሁ» አለችው እንጂ አልነገረችውም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ እንግዳ ተቀባይዋ «ቀጠሮሽ ማክሰኞ አይደል እንዴ?» አለቻት፤ ሎሬንም እንደምትጠብቅ ነገረቻት። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ፣ በሚያለቅስ ሕፃንና በሚያስል ሽማግሌ መካከል ተቀመጠች። ጉልበቷ ላይ የሚያሳክክ የሚመስል ቁርጥማት ተሰማት፤ የጎደለባት ኪኒን ነው። ዶክተር ኦርሞንድ በምሳ ሰዓታቸው ሳንድዊቻቸው ጠረጴዛው ላይ ሳይበላ አስገቧት። ሎሬን ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሻምፖውን ሳይቀር።

ዶክተሯ ብዕራቸውን ከደኑ። «ሁለተኛ እንዳታደርጊው» አሉ። «ሰው ልትገድይ ትችያለሽ። ዛሬ የያዘው ግን ያሰቃያል እንጂ አይገድልም፤ እስከ ነገ ይለቀዋል። የሚያሰጋኝ ለማስታገሥ ብሎ ሌላ ነገር ሲጨምርበት ነው። ድንገት ካልነቃልሽ ወይም ትንፋሹ ካነሰብሽ ወዲያው አምቡላንስ ጥሪ። እና ለሚስተር ሶላንኪ እነግራቸዋለሁ። ከነገ ጀምሮ እስኪሟሟ ድረስ ዓይናቸውን ካፍሽ ላይ አይነቅሉም።»

«ይገባኛል። ከጥናቱ ያስወጡኛል?»

«አንቺን አይደለም። ግሌን ግን የደረሰውን መድኃኒት ትቶታል፤ ከጥናቱ ወጥቷል ማለት ነው። ከወጣ ደግሞ ፖስታው አያዘኝም፤ ይሻለዋል የምለውን መርጬ መስጠት እችላለሁ።»

ሎሬን ቀና አለች። «የኔን?»

«ያንቺን። ነገ ሦስት ሰዓት ይምጣ። ማታ ምንም ሳይወስድ፣ ሐራራው እንደያዘው ይምጣ።»

«ያኔ እኔ ባልቀድም ኖሮ…» ብላ ጀመረችና አቋረጠች።

ዶክተሯ የልቧን ያወቁ መሰሉ። «ያኔ የትኛው እንደሚሻል እኔም አላውቅም ነበር» አሉ። «ባውቅማ ፖስታ አያስፈልገኝም። አሁንም ቢሆን የማውቀው ስለ አንቺ ብቻ ነው።» የቀጠሮ ካርድ ላይ ሰዓቱን ጽፈው ሰጧት።

ወደ ቤት ስትመለስ ሮጠች ማለት ይቻላል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እያለፈች ወጣች፤ በሩን ሳትከፍት ስሙን ጠርታለች። አልጋው ባዶ ነበር። ብርድ ልብሱ ታጥፏል፤ ሳህኑ ታጥቦ መስኮቱ ሥር ተደፍቷል፤ ኮቱ ከሚስማሩ ላይ የለም። አጥቦ መሄዱ አንጀቷን በላው። ታች ወርዳ ምንጣፍ ሻጩን ጠየቀች፤ «አዎ፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ፣ ግማሽ ሰዓት ይሆናል» አላት። ወዴት እንደሄደ መጠየቅ አያስፈልጋትም፤ ያንን ሥቃይ የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሄደች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን መንገድ አየች፣ ሄሮይን የሚሸጥላቸውን ሰው በር አንኳኳች፤ የሚከፍት አልነበረም። ወደ ሞርሊ የሚሄደው የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ዓይኗ እያየ አለፈ። ትንሽ ቆይታ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና አንኳኳች። የሚቀጥለው ካመለጣት ጄማን የምታይበት ሰዓት ያልፋል። ወደ ክፍሏ ወጥታ በቀጠሮው ካርድ ጀርባ ጻፈች፦ «ነገ ሦስት ሰዓት። የኔኑ ኪኒን ይሰጡሃል፤ አሁን ይቻላል። ዛሬ ሌላ ነገር እንዳትጨምር፣ አደገኛ ነው ብለዋል። ጄማ ጋ ሄጃለሁ።» ትራሱ ላይ አስቀመጠችው። ከታች ደግሞ ለምንጣፍ ሻጩ፣ ሲመለስ ካየው ከመዝጋቱ በፊት አንዴ ወጥቶ በሩን እንዲያንኳኳለት ለመነችው። አውቶቡሱ ላይ ፎቅ ሳትወጣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ በየጥጉም የተጎነበሰ ሰው ባየች ቁጥር ከወንበሯ ትነሳ ነበር።

ሞሪን በሩን ከፍታ የበረንዳውን መብራት አበራችና ፊቷን አየች። ሰላም ማለቷ አይደለም፤ ዓይኗን መመርመሯ ነው። «ሃያ አምስት ደቂቃ ዘግይተሻል» አለች፣ ከመንገዱም ዞር አለችላት። ሎሬን ጫማዋን አወለቀች። እህቷ ቤት ሁልጊዜ ይሞቃል፤ ምንጣፉ የወተት ቀለም ነው፣ ሰዓቱ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ጄማ የትምህርት ቤት ሹራቧን እንደለበሰች የተጠበሰ ዓሣና ባቄላ እየበላች ነበር። አልተነሳችም። ሹካዋን ግን አስቀመጠች።

«ግሌንስ?»

«አሞታል።»

«እንዳንቺ?»

«አዎ፣ እንደኔ።»

ልጅቷ አሰበችና መልሳ ሹካዋን አነሳች። ከምግቡ በኋላ አምስት መቶ ቁርጥራጭ ያለውን የመርከብ ሥዕል ወለሉ ላይ ዘርግተው መግጠም ያዙ። ሎሬን ጉልበቷን የሚቆርጠው እየባሰ ነበር፤ አፍንጫዋም ያፈስሳል። ግን ነቅታለች። ጄማ አንድ ቁራጭ ባስቀመጠች ቁጥር ቀና እያለች ዓይኗን ታያለች፤ መግጠሟ ሰበብ ነው። አንዴ «አትተኚም አይደል?» አለች በሹክሹክታ፣ አክስቷ እንዳትሰማ። «አልተኛም» አለቻት እናቷ፣ እሷም በሹክሹክታ። ይህችን ልጅ ስንት ቀን ከአጠገቧ ተቀምጣ እንደናፈቀቻት ያን ጊዜ ገባት። ለካ ሰው ፊት ለፊቱ ያለውንም ይናፍቃል።

ሎሬን ዕቃ ማጠቡን ልታግዝ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ሞሪን ፎጣ ሰጠቻትና ጎን ለጎን ቆሙ። ሞሪን በዘጠኝ ዓመት ትበልጣታለች፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ይህን ያህል ተጠጋግተው ቆመው አያውቁም። «እሱስ እንዴት ነው?» አለች ሞሪን፣ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሳ። ሁልጊዜ የምትጠይቀው ነው፤ የሎሬንም መልስ ሁልጊዜ «በጣም ደህና» ነበር።

«አንድም ቀን አላቆመም» አለች ሎሬን። «ዛሬ ነው የነገረኝ። እኔም ከራሴ ኪኒን ደብቄ ሰጥቼው አሳመምኩት። ለዶክተሯ ተናግሬያለሁ። አሁን የት እንዳለ አላውቅም።»

ሞሪን ቧንቧውን ዘጋች። ከሳሎን የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይመጣል። አንድ ሳህን አንስታ፣ የታጠበውን፣ መልሳ አጠበችው። «ለምንድን ነው የምትነግሪኝ?»

«ሌላ ሰው ሳይነግርሽ ብዬ።»

ሞሪን እጇን አደረቀች፤ ጣት በጣት፣ እናታቸው ታደርገው እንደነበረው። «የጓዳው አልጋ ተነጥፏል» አለች። «ያንን መድኃኒትሽን እስክትጨርሺ። ጠዋት ሥራ ስሄድ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ አደርስሻለሁ፣ ከዚያ ትመለሻለሽ። ላንቺ ነው የምልሽ። ለሱ አይደለም፤ እሱን ከዚህ ቤት ማስገባት አልችልም ሎሬን፣ አትጠይቂኝ።»

ሎሬን አልጠየቀችም። በስድስት ዓመት ውስጥ የዚህ ቤት አልጋ ተሰጥቷት አያውቅም። ነገር ግን ግሌን ምናልባት አሁን ደረጃውን ይዞ እየወጣ ይሆናል፤ ክፍሉን ጨለማ ሆኖ ያገኘዋል፤ ትራሱ ላይ ያለውን ያነባል፣ ወይም ሳያነብ ይተኛበታል። ትሄጃለሽ ብሎ ፈርቶ ነበር። ይኸው ሄደች። በሩ ላይ ቆሞ አንቺ ቅደሚ ያላት ሰው ላይ በሩ እየተዘጋ፣ እሷ ከውስጥ ሆና ሳህን ትጠርጋለች። ፎጣውን አጥፋ ምድጃው ላይ ሰቀለች።

«ስልክሽን ልደውልበት?» አለች። «ለምንጣፍ ሻጩ።»

ሞሪን በአገጯ ወደ ኮሪደሩ አመለከተቻት። ሎሬን ደወለች። ሰውዬው እየዘጋ ነበር፤ አንኳኩቻለሁ፣ ማንም አልመለሰም፣ መብራትም አላየሁም አላት። ነገ ጠዋት ሲከፍትም ይሞክርላት እንደሆነ ጠየቀችው። እሺ አለ። አመስግና ዘጋች፤ እጇ ግን ከስልኩ ላይ ቶሎ አልተነሳም።

«እሺ» አለች ወደ ወጥ ቤቱ ተመልሳ። «እቆያለሁ።» ሞሪን ራሷን ነቀነቀች፣ ሻይ ልታፈላም ዞረች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ሲል ጄማ ሶፋው ላይ የእናቷን ክንድ ተደግፋ ነበር፤ ወደ ከተማ የሚመለሰው አውቶቡስ ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ማቆሚያ መጥቶ ቆመ። መብራቱ በመጋረጃው አልፎ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ።

«አውቶቡስሽ መጣ» አለች ልጅቷ፣ ሳትንቀሳቀስ።

«አይቼዋለሁ።»

«አትሄጂም?»

«ዛሬ አልሄድም።»

በሎሬን ክንድ ላይ ያረፈው የጄማ ጭንቅላት ቀስ እያለ ከበደ፤ ይዞት የነበረውን ክብደት ሁሉ ለቀቀ። ሎሬን በመስኮቱ አየች። አንዲት ሴት ወረደች፤ የሚሳፈር ግን አልነበረም። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ዘጋው፣ ሞተሩም ድምፁን ጨምሮ ወደ ሄርሂልስ አቅጣጫ ታጠፈ፤ እሷም የፎቁ መብራት ከቤቶቹ ጀርባ እስኪጠፋ ድረስ፣ ልጇን ከእንቅልፏ እንዳትቀሰቅስ አንገቷን ብቻ አዙራ በዓይኗ ተከተለችው።